20 − ሀ = 7፦ የተገላቢጦሽ ስሌት አራት መንገዶችና የትኛው ለየትኛው ጥያቄ እንደሚያዋጣ

«20 − ሀ = 7» የሚል ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ሳያመነቱ «27!» የሚሉ ልጆች አይጠፉም። ሰንፈው አይደለም። «የመቀነስ ተገላቢጦሽ መደመር ነው» ተብለው ተምረዋል፤ የመቀነስ ምልክት አዩ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ደመሩ። 27ን በሀ ቦታ መልሰን ብናስገባው ግን 20 − 27 ከዜሮ በታች ይወርዳል እንጂ 7 አይሆንም። መልሱ 13 ነው፤ የሚገኘውም እንደገና በመቀነስ ነው።

«መደመርና መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ተገላቢጦሽ ናቸው» የሚለው ሕግ እውነት ነው፤ ልጁን የሚያደርሰው ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ የትኛው የመመለሻ ዘዴ ለየትኛው ጥያቄ እንደሚስማማ መለየት ነው። በክፍልም በቤትም በብዛት የሚሠራባቸው አራት ናቸው፦ የሦስት ቁጥሮች ቤተሰብ፣ የቀስት ሰንሰለት፣ ሚዛን፣ እና «አሻግረህ ምልክቱን ቀይር»። አራቱም ቦታቸው ላይ ሲውሉ ትክክለኛ መልስ ይሰጣሉ፤ ያለቦታቸው ሲገቡ አራቱም ያሳስታሉ።

ከዘዴው በፊት፦ የማይታወቀው ቁጥር የት ተቀምጧል?

መደመርና ማባዛት ላይ የቦታ ልዩነት ለውጥ አያመጣም። ሀ + 5 = 12 ቢባልም 5 + ሀ = 12 ቢባልም በ12 − 5 ይፈታል። ሀ × 6 = 42 እና 6 × ሀ = 42ም ሁለቱም 42 ÷ 6 ናቸው። ጣጣው ያለው መቀነስና ማካፈል ላይ ነው።

ሀ − 7 = 13 ሲሆን ከሀ ላይ 7 ተነሥቷል፤ የተነሣውን መመለስ ነው፤ 13 + 7 = 20። 20 − ሀ = 7 ሲሆን ግን ተቀናሹ ራሱ ሀ ነው። ሀ ላይ የደረሰበት ነገር «ከ20 ላይ መቀነስ» ነው፤ ይህን የሚፈታው ደግሞ ያው ድርጊት ነው፦ ከ20 ላይ 7ን መቀነስ። ተገልብጦ የተለበሰ ሹራብ የሚስተካከለው እንደገና ሲገለበጥ እንደሆነው ማለት ነው። ማካፈልም እንዲሁ ነው። ሀ ÷ 4 = 6 በማባዛት ይመለሳል፤ መልሱ 24። 24 ÷ ሀ = 6 ግን የሚመለሰው በማካፈል ነው፤ 24 ÷ 6 = 4። እዚህ ላይ 24 × 6 ብሎ 144 የጻፈ ልጅና ከላይ 27 ያለው ልጅ ስህተታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ምልክቱን አይተዋል፣ የሀን ቦታ ግን አላዩም።

ራሱን በራሱ የሚመልስ ስሌት እንግዳ ነገር አይደለም፤ በየቀኑ እንሠራበታለን። የኢትዮጵያን ሰዓት ወደ ፈረንጅ ሰዓት ስንለውጥ 6 እንደምራለን፤ ስንመልሰው 6 እንቀንሳለን። የሰዓቱ ፊት ያለው 12 ቁጥር ብቻ ስለሆነ ግን ቢደምሩም ቢቀንሱም የሚያርፉት አንድ ቦታ ነው፦ 3 ሰዓት 9 ይሆናል፣ 9 ሰዓት 3 ይሆናል።

የሦስት ቁጥሮች ቤተሰብ

8፣ 5 እና 13ን እንውሰድ። 8 + 5 = 13፣ 5 + 8 = 13፣ 13 − 5 = 8፣ 13 − 8 = 5። አራት ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ዝምድና። ወረቀት ላይ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ ትልቁን ቁጥር ከላይ፣ ሁለቱን ክፍሎች ከታች መጻፍ ነው። አንዱን በጣት ሸፍኖ «የተሸፈነው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል። በማባዛትም 42ን ከላይ፣ 6 እና 7ን ከታች ማድረግ ነው።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም የ20 − ሀ = 7ን ወጥመድ ያለ ምንም ሕግ ማለፉ ነው። ልጁ የሚጠይቀው «ጠቅላላው የቱ ነው? ክፍሉስ?» ብሎ ብቻ ነው። 20 ጠቅላላ ስለሆነ ከላይ ይቀመጣል፤ 7 ከታች፤ የጎደለው ሌላኛው ክፍል ነው። የማባዣ ሠንጠረዥ ለሚያጠና ልጅም ሥራውን ያቀልለታል፤ 6 × 7ን ያወቀ 42 ÷ 7ን ለብቻው መሸምደድ የለበትም። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላለ ልጅ ሌላ ዘዴ ከመጨመር ይህንን ማጠንከር ይበልጣል።

ድንበሩ ግን ቅርብ ነው። አንድ ስሌት ብቻ ያለበትን ጥያቄ እንጂ ሁለት ደረጃ ያለውን አይችልም። ዜሮም ቤተሰቡን ያፈርሰዋል። 5 × 0 = 0 ነው፤ 0 ÷ 5 = 0ም ትክክል ነው፤ ሦስተኛው ዘመድ 0 ÷ 0 ግን 5 ነው ማለት አይቻልም፤ ምክንያቱም 8 × 0ም፣ 300 × 0ም ያው ዜሮ ነው። በዜሮ ማባዛት የነበረውን ቁጥር አጥፍቶ ያልፋል፤ ከጠፋ በኋላ የሚመልሰው ስሌት የለም። «በዜሮ ማካፈል ክልክል ነው» ከሚል ትእዛዝ ይልቅ ይህን ማሳየት ልጁን ያሳምነዋል።

የቀስት ሰንሰለት

«አንድ ቁጥር በ3 ተባዝቶ 8 ሲደመርበት 29 ሆነ።» በቀስት ሲጻፍ፦ ሀ → (× 3) → (+ 8) → 29። መመለሻው ከመጨረሻው ይነሣል፦ 29 → (− 8) → 21 → (÷ 3) → 7። ሁለት ነገር ይገለበጣል፤ እያንዳንዱ ስሌትም፣ ቅደም ተከተላቸውም። የቤቱን በር ቆልፎ የግቢውን በር ዘግቶ የወጣ ሰው ሲመለስ መጀመሪያ የሚከፍተው የግቢውን ነው።

ልጆች የሚስቱት አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተሉን ነው። 29ን በመጀመሪያ ለ3 አካፍሎ ከዚያ 8 የቀነሰ ልጅ 1.67 አካባቢ ያገኛል። ልብ ይበሉ፣ መጀመሪያ ማካፈል በራሱ ክልክል አይደለም፤ 8ም አብሮ ለ3 ከተካፈለ ያስኬዳል። ልጁ የሳተው 29ን አካፍሎ 8ን ሳይነካ በመተዉ ነው። ቅንፍ ሲገባ ሰንሰለቱ ይቀየራል፦ (ሀ + 8) × 3 = 45 ከሆነ መጨረሻ የተደረገው ማባዛት ስለሆነ መጀመሪያ 45 ÷ 3 = 15፣ ከዚያ 15 − 8 = 7። ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን ማሠራት ስለ ቅንፍ ከሚነገር ረጅም ንግግር የበለጠ ያስተምራል።

ቀመር ለመመለስም ከቀስት የሚሻል የለም። አሜሪካ ያሉ ወገኖች የሚያውቁት ነገር ነው፤ ምድጃው በፋራናይት ነው፣ ከአገር ቤት የተላከው አሠራር በሴልሺየስ። ከሴልሺየስ ወደ ፋራናይት ሲኬድ በ1.8 አባዝቶ 32 መደመር ነው። ሲመለስ 32 ቀንሶ ለ1.8 ማካፈል ነው። 350 ፋራናይት፦ 350 − 32 = 318፤ 318 ÷ 1.8 = 176.7 ገደማ። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው 350 ÷ 1.8 = 194.4፣ ሲቀነስ 32 = 162.4 ያገኛል። የ14 ዲግሪ ልዩነት ዳቦን ውስጡ ሊጥ አድርጎ ለማስቀረት ይበቃል።

ሰንሰለት ሀ በአንድ ቦታ ብቻ እስከተጻፈ ድረስ ይሠራል። 30 − 4 × ሀ = 6ን እንኳ ያስተናግዳል፦ ሀ → (× 4) → (ከ30 ላይ መቀነስ) → 6። «ከ30 ላይ መቀነስ» ራሱን በራሱ ስለሚመልስ 30 − 6 = 24፣ ከዚያ 24 ÷ 4 = 6። ሀ በሁለቱም ወገን ከመጣ ግን ሰንሰለቱ መነሻም መድረሻም ያጣል።

አንድ የአጻጻፍ ችግር እዚህ ላይ ይፈጠራል። ልጆች «29 − 8 = 21 ÷ 3 = 7» ብለው በአንድ መስመር ይደረድራሉ። መልሱ ትክክል ነው፤ የተጻፈው ግን 29 − 8 ከ7 ጋር እኩል ነው ይላል። የእኩል ምልክትን «ቀጥሎ» እንደሚል ቃል የለመደ ልጅ ሚዛን ላይ ሲደርስ ይቸገራል። ቀስት ከተጠቀመ ቀስት፣ እኩል ከጻፈ ደግሞ በየመስመሩ አንድ እኩልነት።

ሚዛን ወይስ ማሻገር?

ወላጅና መምህር በብዛት የሚከራከሩት በዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር ማድረግ ይገባል።

ሚዛን ማለት በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነገር ማድረግ ነው። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ይታሰብ፤ በአንዱ ሳህን ሦስት እኩል የስኳር ከረጢትና የ8 ኪሎ መመዘኛ፣ በሌላው የ29 ኪሎ መመዘኛ አለ። ከሁለቱም 8 ኪሎ ቢነሣ ሚዛኑ አይዛባም፤ ሦስት ከረጢት 21 ኪሎ መሆኑ ይታያል፤ አንዱ 7። ሀ በሁለቱም ወገን ሲመጣም ያው አካሄድ ነው። 5ሀ + 3 = 2ሀ + 18 ቢሰጥ፦

5ሀ + 3 − 2ሀ = 2ሀ + 18 − 2ሀ
3ሀ + 3 = 18
3ሀ = 15
ሀ = 5

ሲፈተሽ በግራ 25 + 3 = 28፣ በቀኝ 10 + 18 = 28። «አልጀብራ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከዚህ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ይሠራ የነበረው አልኸዋሪዝሚ የተቀነሰውን በሁለቱም ወገን መልሶ መሙላትን «አል-ጀብር» ብሎ ጠራው።

ማሻገር የዚሁ አጭር ቅጂ ነው። + 8 ከግራ ወደ ቀኝ ሲሻገር − 8 ይሆናል። መስመር ይቆጥባል፤ ፈተና ላይ ጊዜ ይቆጥባል። ምክንያቱ ግን ከዓይን ይሰወራል፤ ስህተቱ የሚገባውም በዚያ ቀዳዳ ነው። «ምልክቱን ቀይር» ብቻ የተባለ ልጅ 3ሀ = 12 ሲመጣለት ወይ 12 − 3 = 9 ይላል፣ ወይ ደግሞ 12ን ለ−3 አካፍሎ −4 ይጽፋል። ሁለቱም የተነገረውን አክብረዋል፤ የተነገራቸው ግን ለመደመርና ለመቀነስ ብቻ የሚሠራ ነበር። አባዢ ሲሻገር አካፋይ ይሆናል፤ የራሱ ምልክት ግን አይቀየርም።

ሌላው ስህተት ከፊሉን ብቻ ማሻገር ነው። ሀ/4 + 2 = 7 ሲሰጥ 4ን አሻግሮ ሀ + 2 = 28 የሚጽፍ አለ። በ4 ሲባዛ 2ም መባዛት ነበረበት፤ ትክክለኛው ሀ + 8 = 28፣ ማለትም ሀ = 20 ነው። ይበልጥ የሚያቀልለው ግን መጀመሪያ 2ን ማንሣት ነው፦ ሀ/4 = 5፣ ሀ = 20። ቅንፍ ውስጥ ያለን ቁጥር ጎትቶ ማውጣትም የተለመደ ነው፦ 2(ሀ + 3) = 16 ሲሆን 2ሀ = 13 ብሎ መጻፍ። ቅንፉ ሳይፈታ ከውስጡ የሚወጣ ነገር የለም፤ ለ2 ሲካፈል ሀ + 3 = 8፣ ሀ = 5።

የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ማሻገር አይከለከል፣ ግን አይቀደም። ልጁ ሲያሻግር «በሁለቱም ወገን ምን አደረግህ?» ብለው ይጠይቁት። «8 ቀነስኩ» ካለ ያሻግር፤ «አሻገርኩት» ብቻ ካለ ወደ ሚዛን ይመለስ። ሚዛንም ቢሆን ጉድለት አለው። በሳህን ላይ −5 ኪሎ ማስቀመጥ ስለማይቻል አሉታዊ ቁጥር ሲመጣ ሥዕሉ ይተወናል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው «በሁለቱም ወገን» የሚለው ሐሳብ ነው። 30 − 4ሀ = 6 ላይ ከአሉታዊ ቁጥር ጋር ላለመታገል በሁለቱም ወገን 4ሀ መደመር ይበጃል፦ 30 = 6 + 4ሀ፣ 24 = 4ሀ፣ ሀ = 6። በማሻገር የሄደው −4ሀ = −24 ላይ ደርሶ አንዱን የመቀነስ ምልክት በመንገድ ሊጥለው ይችላል።

ክፍልፋይ ሲመጣ

«የገንዘቡ ሁለት ሦስተኛ 18 ብር ነው፤ ጠቅላላው ስንት ነው?» እዚህ ላይ ሦስት አማራጭ አለ፦ በ3 አባዝቶ ለ2 ማካፈል (54፣ ከዚያ 27)፤ ለ2 አካፍሎ በ3 ማባዛት (9፣ ከዚያ 27)፤ ወይም 2/3ን ገልብጦ በ3/2 ማባዛት። ቁጥሩ ያለ ቀሪ ለላዕሉ የሚካፈል ከሆነ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ቁጥሮቹ ትንንሽ ሆነው ይቆያሉ፣ ትርጉሙም ይታያል፤ ሁለት እጅ 18 ከሆነ አንድ እጅ 9 ነው፣ ሦስት እጅ 27። ካልተካፈለ የመጀመሪያው ይሻላል። ስህተቱ ለ3 አካፍሎ በ2 አባዝቶ 12 ማለት ነው፤ ይህ መመለስ ሳይሆን ያንኑ ስሌት መድገም ነው። ጠቅላላው ከክፍሉ ሊያንስ እንደማይችል ማስተዋል ብቻ ያጋልጠዋል።

እግረ መንገድ፦ የውጭ ጸሐፊዎች «የኢትዮጵያ ማባዣ» እያሉ የሚጠሩት ዘዴም ግማሽና እጥፍ እርስ በርስ በመጣፋታቸው ላይ የቆመ ነው። 12 × 35 ሲሆን 12ን አጋምሶ 35ን ማጠፍ፦ 6 × 70 = 420።

መቀነስ ራሱ፦ በመበደር ወይስ ወደ ላይ በመቁጠር?

መቀነስን በመደመር መሥራትም ተገላቢጦሽን መጠቀም ነው፤ ባለሱቅ መልስ ሲሰጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። 137 ብር ገዝተው የ200 ብር ኖት ቢሰጡት 3 ብር ጨምሮ 140፣ 10 ጨምሮ 150፣ 50 ጨምሮ 200 ይላል፤ እጅዎ ላይ 63 ብር ይቀመጣል። አልቀነሰም፤ ደመረ።

503 − 287ን በሁለቱም እንየው። በመበደር ሲሆን የአሥር ቤቱ ዜሮ ስለሆነ ብድሩ ከመቶ ቤት ይመጣል፤ 5 ወደ 4 ይወርዳል፣ የአሥር ቤቱ 10 ሆኖ አንዱን ለአንድ ቤት ሰጥቶ 9 ይቀረዋል፣ የአንድ ቤቱ 13 ይሆናል። 13 − 7 = 6፣ 9 − 8 = 1፣ 4 − 2 = 2፤ መልሱ 216። ወደ ላይ በመቁጠር ደግሞ ከ287 እስከ 290 ድረስ 3፣ እስከ 300 ድረስ 10፣ እስከ 500 ድረስ 200፣ እስከ 503 ድረስ 3፤ ድምሩ 216።

ዜሮ የበዛበት ወይም ሁለቱ ቁጥሮች የተቀራረቡበት ጥያቄ ላይ ወደ ላይ መቁጠር ያሸንፋል። 9,864 − 213 ዓይነቱ ግን ምንም ብድር ስለሌለው በየቤቱ መቀነስ ፈጣኑ ነው። 4,000 − 1,387 ለመሰለው ሦስተኛ መንገድ አለ፦ ከሁለቱም ላይ 1 መቀነስ። 3,999 − 1,386 = 2,613፤ ብድር የለም፣ ልዩነቱም አልተነካም።

መልስን ለመፈተሽም ምርጫ አለ። ያንኑ ሥራ መድገም ደካማው ነው፤ በየቤቱ ትንሹን ከትልቁ የሚቀንስ ልጅ 503 − 287ን 384 ይላል፣ ቢደግመውም 384 ይላል። በተገላቢጦሽ ሲፈተሽ 384 + 287 = 671 ስለሚሆን ስህተቱ ወዲያው ይወጣል። ይሁን እንጂ ተገላቢጦሹ የሚፈትሸው ስሌቱን እንጂ አረዳዱን አይደለም። መግቢያው ላይ 27 ያለው ልጅ 27 − 7 = 20 ብሎ ቢፈትሽ «ትክክል ነኝ» ይላል፤ 20 + 7ን በትክክል ደምሯልና። ስህተቱን የሚያጋልጠው 27ን በመጀመሪያው ጥያቄ ውስጥ በሀ ቦታ ማስገባት ብቻ ነው። ተራ ስሌት ከሆነ በተገላቢጦሽ፣ ሀ ያለበት ከሆነ በመተካት መፈተሽ ይበጃል።

ቫት ያለበት ዋጋ፦ ቀንስ ወይስ አካፍል?

በኢትዮጵያ ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ጀምሮ 15 በመቶ ነው። 1,000 ብር የነበረ ዕቃ ከነቫቱ 1,150 ይሆናል። ከ1,150 ተነሥቶ ዋናውን ዋጋ ለማግኘት ብዙ ሰው 15 በመቶ ይቀንሳል፦ ከ1,150 ላይ 172.50 ሲነሣ 977.50። አልተመለሰም፤ 22.50 ብር ጠፍቷል።

ሲጨመር 15 በመቶው የተሰላው ከ1,000 ላይ ነው፤ ሲቀነስ ግን ከ1,150 ላይ ተሰላ። በመቶኛ መጨመር ከላይ ሲያዩት መደመር ይመስላል፤ ሥራው ግን ማባዛት ነው፤ በ1.15 ማባዛት። ስለዚህ የሚመለሰው ለ1.15 በማካፈል ነው። በቀነሰው ሰው ላይ የሚደርሰው ጉድለት ሁልጊዜ ከዋናው ዋጋ 2.25 በመቶ ነው፤ 1.15 × 0.85 = 0.9775 ስለሆነ።

የቫቱ መጠን ብቻ ከተፈለገ ለ23 አካፍሎ በ3 ማባዛት አጭሩ መንገድ ነው፤ 15/115 ሲቃለል 3/23 ይሆናልና። 2,990 ብር፦ 2,990 ÷ 23 = 130፣ 130 × 3 = 390 ቫት፣ ቀሪው 2,600 ዋጋ። ለ23 ያለ ቀሪ ካልተካፈለ ካልኩሌተር ይዞ ለ1.15 ማካፈል ነው። 500 ብር 434.7826… ስለሚሰጥ ዋጋውን 434.78 ብሎ ቫቱን በመቀነስ ማግኘት (65.22) ድምሩ ከ500 እንዳይዛነፍ ያደርጋል። ብዙ ዕቃ ያለበት ደረሰኝ ላይ እያንዳንዱን ለየብቻ አጠጋግቶ መደመር የሳንቲም ልዩነት ያመጣል፤ ድምሩን አንዴ ማካፈል ይሻላል።

አካፋዩ እንደ አገሩ ይለያያል። በሳዑዲም 15 በመቶ ስለሆነ 1.15 ነው፤ በኤምሬቶች 5 በመቶ፣ 1.05፤ በእስራኤል ከ2025 ጀምሮ 18 በመቶ፣ 1.18። በእንግሊዝ 20 በመቶው ለስሌት የተመቸ ነው፤ ከነቫቱ የተጻፈውን ዋጋ ለ6 ማካፈል ቫቱን ይሰጣል።

ቅናሽም በዚሁ ሕግ ይሄዳል። በ25 በመቶ ቅናሽ 600 ብር የሆነ ጫማ የቀድሞ ዋጋው 600 ÷ 0.75 = 800 ነው። 600 ላይ 25 በመቶ የጨመረ 750 ያገኛል።

ሙሉ በሙሉ የማይመለሱ

አንዳንዱ ስሌት የሚመለሰው ተጨማሪ ነገር ከተያዘ ብቻ ነው። 47 ሰው 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ ሲከፋፈል 47 ÷ 12 = 3 ሆኖ 11 ይቀራል። መመለሻው 3 × 12 + 11 = 47 ነው፤ ቀሪውን የጣለ 36 ላይ ይቆማል። (የሚያስፈልገው ሚኒባስ ግን 4 ነው፤ እሱን ተገላቢጦሹ አይነግርም።) 100 ÷ 3 = 33.33 ብሎ ያጠጋጋም በ3 ሲያባዛ 99.99 ያገኛል፤ ይህ የስሌት ስህተት ሳይሆን የማጠጋጋት ዋጋ ነው። ሀ × ሀ = 25 ሲመለስ ደግሞ መልሱ ሁለት ነው፤ 5ም −5ም። ካሬው የመቀነስ ምልክቱን ስላጠፋው ጥያቄው ራሱ «ርዝመት ነው» ወይም «ከዜሮ በላይ ነው» ብሎ ካልነገረን መለየት አይቻልም።

ዓመተ ምሕረትን ወደ ፈረንጅ መቀየርም ከዚህ ወገን ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል፦ ጥቅምት 1980 ወደ 1987፣ የካቲት 1980 ወደ 1988። ለመመለስ ከጥር እስከ መስከረም መባቻ ባሉት የፈረንጅ ወራት 8፣ ከዚያ በኋላ 7 ይቀነሳል። ወሩ ያልተያዘ 1988 ግን ወደ ኋላ ሲመለስ 1980ም 1981ም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ቅጽ የሚሞላ ሰው ከማንኛውም መቀነስ በፊት የተወለደበትን ወር መያዝ አለበት።